ጭማሪ የፈራው ዳቦ ጋጋሪ

ረመጥ ይሉታል። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ያንን ግን ደሞዝ ከሚከፍለው ካሸር በቀር የሚያስታውሰው የለም። ምድጃ ላይ ስለሚሠራ ብቻ ረመጥ ያሉት እንዳይመስላችሁ። ላይ ላዩን ሲያዩት አመድ የለበሰ ዝምተኛ ነው፤ ጫር ያደረገው ግን ጣቱን እየላሰ ይሮጣል። አንድ ጊዜ አንድ ሾፌር የዱቄት ጆንያ እርጥብ ወለል ላይ ጥሎ ሊሄድ ሲል፣ ረመጥ ጆንያውን ከነርጥበቱ ተሸክሞ የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠለት። "አንተ ተቀመጥበት፤ ሰው አይበላውም" አለው። ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ ጆንያ የሚያወርደው እንደ ሕፃን አቅፎ ነው።

ዳቦ ቤቱ ዛሬ ትልቅ ነው። ምድጃዎቹ ተደርድረዋል፣ ማቡኪያ ማሽኖቹ ያጓራሉ፣ ማከፋፈያ መኪኖቹ በር ላይ ይሰለፋሉ። ረመጥ ሥራ ሲጀምር ግን የነበረው አንድ ምድጃና ሁለት ጎረምሳ ብቻ ነው፤ እሱና ባለዳቦ ቤቱ። አንዱ ሲያቦካ ሌላው ይጋግራል፣ አንዱ ሲደክመው ዱቄት ጆንያ ላይ ጋደም ይላል። ያኔ "አንተ" ይባባሉ ነበር። ሁለተኛው ምድጃ ሲተከል ረመጥ ሳይታወቀው "እርስዎ" ማለት ጀመረ፤ ሰውየውም ሳይታወቀው ተቀበለ። ባለዳቦ ቤቱ እስከ ዛሬ ረመጥን "ወንድሜ" ይለዋል። እንዲህ ያለውን ወንድምነት ለጠላቴም አልመኝም!

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ገና ሳወራው ደሜ ይፈላል።

በዚያ ዳቦ ቤት ሌላ ቦታ የማታገኙት አንድ ልማድ ነበር። የደሞዝ ጭማሪ ሰሞን ሲደርስ ሠራተኛው "ይቅርብኝ" ይላል። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል። ሌላው ዓለም ጭማሪ ለማግኘት ይሰለፋል፤ እነሱ ጭማሪ ላለመቀበል ካሸሩ መስኮት ፊት ይሰለፉ ነበር። ለምን? የገቢ ግብሩ በእርከን ስለሆነ ነው፤ ጥቂት የሚያገኝ በዝቅተኛ መቶኛ ይከፍላል፣ ደሞዙ ከፍ ሲል መቶኛውም ከፍ ይላል። "መስመሯን ካለፍክ ሙሉ ደሞዝህ በአዲሱ መቶኛ ይቆረጣል፤ ጭማሪው ይቅርና የነበረህም ይሄዳል" ይባባላሉ። ስለዚህ ከመስመሯ በታች ተጣጥፈው ተቀመጡ። በጭማሪው ፋንታ ባለዳቦ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው በየቀኑ አንድ ፌስታል ዳቦ ይሰጣቸዋል። ዳቦ ግብር የለውም! ፌስታሉን አንጠልጥለው ሲወጡ በር ላይ "ዛሬም ግብር ሰብሳቢውን ሸወድነው" እየተባባሉ ይስቃሉ።

የዚህ ሁሉ ጥበብ ሊቅ ማን ነበር? ረመጥ!

ነገሩ የጀመረው ገና በወጣትነቱ ነው። አንድ ዓመት ጭማሪ ተቀበለ፤ በዚያው ወር ግን እጁ የገባው ገንዘብ ከበፊቱ አንሶ አገኘው። "ምንድን ነው ይሄ?" ብሎ ጮኸ። ባለዳቦ ቤቱ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ትከሻውን ሰበቀ። ረመጥ ራሱ ደሞዙን አገላብጦ አየና "አሃ፣ ግብሩ ነው! መስመር አልፌ ነው!" አለ። በቃ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ረመጥም ያንን ያዘና ዕድሜ ልኩን አልለቀቀም። ጭማሪ በመጣ ቁጥር መለሰ። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ምድጃው አጠገብ አስቁሞ ስለ መስመሯ አስተማረ። ሰውም "ጋሼ ረመጥ በዓይኑ ያየው ነው" እያለ ተከተለው።

ከተከተሉት አንዷ አቡኪዋ ነበረች። ማቡኪያ ማሽኑን የምትመራ፣ ክንዷ የወንድ ክንድ የሚያስንቅ፣ ሊጡን በመዳፏ መታ አድርጋ ውሃ ጎደለው በዛው የምትል ሴት ናት። ባሏ በሞተ በዓመቱ የፈረቃ ኃላፊ ሁኚ ተባለች። ደሞዙ ደህና ነው። ሮጣ ረመጥ ጋ መጣች።

"ጋሼ፣ ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?"

"አብደሻል እንዴ? ጭቅጭቁ ላንቺ፣ ገንዘቡ ለግብር! ዳቦሽን ይዘሽ አርፈሽ ልጆችሽን አሳድጊ" አላት።

እምቢ አለች። ኃላፊነቱ ለባለዳቦ ቤቱ የእህት ልጅ ተሰጠ፤ ሊጥ ሲነካ እጁን በመሀረብ ለሚጠርግ ልጅ። አቡኪዋ ግን "እንኳን አንተ ኖርክልን" ብላ ረመጥን አመስግናዋለች።

ዘንድሮ ረመጥን ሳል ያዘው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ፣ ቀጥሎ ጭስ ነው አለ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሳሉን ራሱን ይቆጣው ጀመር። ዶክተሯ ደረቱን አዳምጣ፣ ፎቶ አስነስታ፣ "ዱቄቱ ሳንባህ ውስጥ ቤት ሠርቷል" አለችው። "ወይ ዳቦ ቤቱን ተው፣ ወይ ትንፋሽህን ተው።" ወረቀት ጻፈችለት፤ በወሩ መጨረሻ በጤና ምክንያት ጡረታ እንዲወጣ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ነው የታነቀው። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻው ደሞዝ ነው። የረመጥ ደሞዝ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ከመስመሯ በታች ተጣጥፎ የተቀመጠ ደሞዝ ነው። ያ ሁሉ በፌስታል የተሸከመው ዳቦ ተበልቶ አልቋል፤ ዳቦ ጡረታ የለውም። የሚደርሰው ገንዘብ እሱና ቤተሰቡ የሚኖሩባትን ሁለት ክፍል ቤት ኪራይ እንኳ አይችልም። የሚስቱ ወንድም፣ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው፣ "ከሱቄ ጀርባ ያለችውን መጋዘን አጸዳላችኋለሁ፤ ምን ችግር አለ?" አለ። ምስማርና ቆርቆሮ የሚከማችባት፣ መስኮት የሌላት ክፍል ናት። በደግነት ነው ያለው፤ ረመጥ ግን ያንን ሲሰማ የጀመረውን ምግብ ገፋ አደረገው።

እሁድ ከሰዓት ይኸው ዋርሳ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ሊጠይቃቸው መጣ። ሬዲዮው ተከፍቷል። ያን ሰሞን አዲስ የሕግ ረቂቅ ቀርቦ አገር ምድሩ የሚያወራው ስለሱ ነው፤ እርከኑ ይቅርና ሀብታም ድሃ ሳይባል ሁሉም ሰው በአንድ መቶኛ ይክፈል የሚል ረቂቅ። በሬዲዮ ሁለት ምሁራን እየተናጠቁ ይከራከራሉ።

"ልክ ነው!" አለ ዋርሳው፣ ጉልበቱን መታ አድርጎ። "ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ካልን ግብሩስ ለምን እኩል አይሆንም? እኔ በጠዋት ሱቅ ከፍቼ፣ ስሸጥ ውዬ፣ የሠራሁ ቁጥር እጄን የሚመታ ምን ዓይነት ሕግ ነው? ደግሞስ እርከን ሲበዛ ተንኮል ይበዛል። ትልልቁ ጠበቃ ቀጥሮ ያመልጣል፤ የሚጨመቀው እንደኔ ያለው መካከለኛ ነጋዴ ነው።"

የረመጥ ትልቋ ልጅ ጥግ ላይ ልብስ ትተኩሳለች። በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ደሞዝ የምትሠራ፣ በቅርብ የተቀጠረች ልጅ ናት።

"አጎቴ፣ ስለ ጠበቃው ልክ ነህ" አለች። "ግን የሚወሰደውን ብቻ አትይ፤ የሚቀረውንም እይ። አንተ ከዘይቱ ላይ ተወስዶብህ ወጥህ አይደርቅም። የጎረቤታችን ጥበቃ ግን ያችኑ መቶኛ ሲወሰድበት ድስቱ ይደርቃል። እኩል የሆነው ወረቀቱ ላይ ነው እንጂ ድስቱ ላይ አይደለም።"

"እና የሠራ ይቀጣ?"

"ማን ተቀጣ? ሱቅህ እንደሆነ በየዓመቱ እየሰፋ ነው።"

ረመጥ  አሁን ሳሉን ዋጥ አድርጎ ገባበት። "ዋርሳዬ ልክ ነው! ይሄ እርከን የሚባለው ነው እኔን የበላኝ። ስንቱን ጭማሪ መለስኩ! መስመሯን ባልፍ ሙሉ ደሞዜ ሊቆረጥ አይደል?"

ካውያው አየር ላይ ቆመ። "አባዬ፣ ምን አልክ?"

"ጭማሪ ስመልስ ነው የኖርኩት አልኩሽ። ዳቦው ምን መሰለሽ?"

"ዳቦው የተረፈ መስሎኝ ነበር።" ልጅቷ ካውያውን አስቀምጣ መጥታ ፊቱ ቁጢጥ አለች። "አባዬ፣ ሙሉ ደሞዝ አይቆረጥም። ማን ነው እንዲህ ያለህ?"

"ማንም አላለኝ፤ በዓይኔ አይቻለሁ!"

"ስማኝ እስቲ። ምድጃ ውስጥ ትሪ ታስገባለህ አይደል? የታችኛውን ትሪ ማንም አይነካብህም። ከሁለተኛው ትንሽ ይነሳል። ከሦስተኛው ትንሽ በለጥ ብሎ ይነሳል። አሁን አራተኛ ትሪ ጨመርክ እንበል፤ የሚነሳው ከአራተኛው ነው። አራተኛው ስለገባ የታችኛው ያርራል?"

"አያርርም" አለ ረመጥ፤ ምላሱ ቀድሞት። ለነገሩ ምድጃ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ይላል?

"በቃ ይኸው ነው። ጭማሪህን ብትቀበል ኖሮ ከጭማሪው ላይ ጥቂት ይነሳ ነበር እንጂ የነበረህ ንክች አይልም። ሁልጊዜም ይተርፍህ ነበር።"

 ዋርሳው  "ይሄማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሰውየው አያውቅም ብዬ አላሰብኩም" አለ። የረመጥ ሚስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ረመጥ ተነስቶ ሬዲዮውን ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ፤ ደግሞ ዘጋ። "ያን ወርስ? ያን ወር ደሞዜ ለምን አነሰ?" አለ። ልጅቷ "ያን ወር ሌላ ነገር ተቆርጦብህ ይሆናል" አለችው።  የረመጥ ግንባር ላይ ያለው የደም ሥር ገመድ አህሎ ነበር።

ሰኞ ምድጃውን ለረዳቱ ትቶ፣ በዱቄት ጫማው ወደ ፎቅ ወጣ። የባለዳቦ ቤቱ ቢሮ ከላይ ሆኖ ሥራውን ሁሉ የሚያሳይ የመስታወት ቢሮ ነው። ምንጣፉ ላይ ነጭ ዱካ እየተወ ገብቶ ጠረጴዛው ፊት ቆመ።

"መጀመሪያ ጭማሪ የሰጡኝ ወር ከደሞዜ የተቆረጠው ምንድን ነበር?"

"የቱ? ያ የጥንቱ?" ባለዳቦ ቤቱ አሰብ አደረገና ሳቀ። "እሱማ የሥራ ልብስና ጫማ ነዋ! ያን ዓመት ገዝተን ከሁላችሁም አስቆረጥን። ረሳኸው እንዴ?"

"እኔ ግብር ነው ብዬ ስጮህ አጠገቤ ቆመው ነበር።"

"ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅኸኝማ! አንተው ራስህ ግብር ነው አልክ። እኔ ምን አልኩ? ዝም አልኩ። ዝም ማለት ውሸት ነው እንዴ ወንድሜ?"

ጉድ በሉ! ይህን ያለው ሳቅ እያለ ነው። አንድ ሰው የአንድን ሰው ዕድሜ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ "ዝም ነው ያልኩት" ይላል። ረመጥ  ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመስታወት አመድ መተርኮሻ አየው፤ ሰውየውን አየው፤ መተርኮሻውን አየው። እንዳይወረውረው ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

"እነዚያን ሁሉ ሰዎችስ? እኔ ስሰብክ ሲሰሙ?"

"ፈልገው ሰሙህ። እኔ ደግሞ ዳቦ ሰጠሁ፤ ማንን አስራብኩ?" ባለዳቦ ቤቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ተቀመጥ እስቲ። ሳንባህን ሰምቻለሁ፤ አዝኛለሁ። ጡረታህ እንደማይበቃህም አውቃለሁ። አንድ ነገር ላድርግልህ። ቅዳሜ ሠራተኛውን እሰበስባለሁ፤ የሬዲዮ ጋዜጠኛም ይመጣል። የነጋዴዎች ማኅበራችን ሁሉም በአንድ መቶኛ ይክፈል ለሚለው፣ ለአንድ መጣኔው ረቂቅ ፊርማ እያሰባሰበ ነው። እኛ ብንፈርም 'ለኪሳቸው ነው' ይሉናል። ሠራተኛው ራሱ 'እርከኑ ጎዳን' ካለ ግን ማን አፍ አለው? ይሄ ሠራተኛ ደግሞ የሚሰማው አንተን ነው።"

"ምን ብዬ ልናገር?"

"እውነቱን! በእርከኑ ምክንያት ጭማሪ ፈርቼ ኖርኩ በል። ፈርተህ አልኖርክም? ውሸት የለበትም። አንተ ስትናገር በዚህ ወር ደሞዝህን ከፍ አደርጋለሁ፤ ጡረታህ በሱ ይሰላል። ቤትህን አትለቅም።" ከዚያ ቀና ብሎ፣ በእውነት የተቆጣ መስሎ፣ "ደግሞ እኔስ ሰው አይደለሁም? በአንድ መቶኛም ቢሆን ከሁላችሁ የበለጠ እኔ ነኝ የምከፍለው። ግፉ ምኑ ላይ ነው?" አለ።

ረመጥ  የመጣው ሊጮህ ነበር፤ የወጣው "ላስብበት" ብሎ ነው። ደረጃውን ሲወርድ በራሱ ላይ የተሰማው ንዴት በሰውየው ላይ ከነበረው በለጠ።

ለሚስቱ ነገራት። እሷ ለወትሮው ቀዝቀዝ ያለች ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን እሷም ነደደች።

"ተናገርና ውሰድ! ምን ታስብበታለህ? እነዚያ በሬዲዮ የሚጨቃጨቁት ስለ አገር ነው። እኔ የምጨቀጨቀው ስለ በር ነው፤ የራሴ በር፣ ከውስጥ የምቆልፈው። በዚህ ዕድሜዬ መታጠቢያ ቤት ለመግባት የወንድሜን ሚስት ላስፈቅድ? ያ ሰውዬ ስንት ዓመት በላህ፤ አሁን አንድ ጊዜ ሲያጎርስህ አፍህን ትዘጋለህ? ቁጣህን ቀቅዬ አልበላው!"

ረመጥ ልጁን አየ፤ ትረዳኝ ብሎ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "እናቴ ልክ ናት" አለች። "እኔም ብሆን እወስደዋለሁ። ያንተው ገንዘብ እኮ ነው አባዬ።"

"በቃ እናገራለሁ" አለ ረመጥ። ቁርጥ አድርጎ ነው ያለው። ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ የታጠበ ሸሚዝ አለበሰችው።

ስብሰባው የዱቄት መጋዘኑ ውስጥ ነው። የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ አልቋል፤ ሠራተኛው ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፊርማ ወረቀት፣ ከጠረጴዛው ኋላ ካሸሩ። የሬዲዮው ጋዜጠኛ ማይክሮፎኑን ይዞ ዱቄት እንዳይነካው ኮቱን ሰብስቦ ቆሟል። ባለዳቦ ቤቱ ተነስቶ ስለ እኩልነት ተናገረ፤ ደህና አድርጎ ተናገረ፤ ከዚያ "የሁላችሁም ታላቅ ወንድም የሆነው ጋሼ ረመጥ በዚህ እርከን የደረሰበትን ይንገራችሁ" ብሎ ተቀመጠ።

ረመጥ ተነሳ። ማይክሮፎኑ አገጩ ሥር መጣ።

"እኔ ..." አለ፤ ሳለ። "እኔ በዚህ እርከን ምክንያት ጭማሪ ፈርቼ ነው የኖርኩት።"

ተጨበጨበ። ባለዳቦ ቤቱ ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው፤ እዚሁ ላይ ቢቀመጥ ቤቱን አዳነ። ሊቀመጥም ነበር። ግን አቡኪዋ ፊት ለፊቱ ነበረች። ማንም ሳይጠራት ቀድማ ተነስታ ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች፤ ብዕሩን አንስታለች። ለካሸሩ "የት ጋ ነው? ጋሼ ካለ ምን አነባለሁ" አለችው፤ ረመጥ ሰማት።

"ብዕሩን አስቀምጪ!"

መጋዘኑ ደነገጠ። አቡኪዋ ብዕሩን እንደያዘች ዞረች።

"አስቀምጪ አልኩሽ! ውሸት ነው። እኔ ስነግራችሁ የኖርኩት ውሸት ነው። መስመሯን ያለፈ ሰው ሙሉ ደሞዙ አይቆረጥም፤ የሚቆረጠው መስመሯን ካለፈችው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። የነበረህ እንደነበረ ነው! ጭማሪ የተቀበለ ሰው ሁልጊዜ ይተርፈዋል። እኔ ያን ወር ያየሁት የሥራ ልብስ ዋጋ ነው፤ ግብር አልነበረም። ይሄ ሰውዬ ያውቃል። እኔ ስጮህ አጠገቤ ቆሞ ዝም አለ። ዘመኑን ሙሉ ዝም አለ! ጭማሪያችሁን በፌስታል ዳቦ ለወጠው!"

"ታሟል፤ ትኩሳት አለው" አለ ባለዳቦ ቤቱ ከመቀመጫው ተነስቶ። "ማይክሮፎኑን ዝጋው።" ጋዜጠኛው ግን ጭራሽ ቀረብ አለ፤ ዱቄቱንም ኮቱንም ረስቷል።

"ሳንባዬ ነው የታመመው፤ አፌ ደህና ነው!" አለ ረመጥ። ሳሉ አጎበጠው፤ እስኪያልፍለት ጠበቁት። "አንድ መጣኔ ይሁን አይሁን እናንተ ወስኑ። ዋርሳዬ ይሁን ይላል፤ እሱም የራሱ ምክንያት አለው። እኔ አይሁን ባይ ነኝ። ከኔ የሚወሰደው ከመድኃኒቴ ይጎድላል፤ ከሳቸው የሚወሰደው ከምን እንደሚጎድል እስቲ እሳቸው ይንገሩን። ግን እርከኑ ጭማሪያችንን በላው ብላችሁ እንዳትፈርሙ! ጭማሪያችንን የበላው ይኸው፣ ከረባት አስሮ ቆሟል!"

ተናግሮ ሲጨርስ ይጮሃሉ ብሎ ጠበቀ። ተነስተው ሰውየውን ይከቡታል ብሎ ጠበቀ። አንድም ሰው ባለዳቦ ቤቱን አላየም። ሁሉም የሚያዩት እሱን፣ ረመጥን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም፤ ያ ሁሉ ሰው በየተራው ምድጃ አጠገብ ቆሞ የሰማው ከማን አፍ እንደሆነ ያስታውሳል።

"ስንት ዓመት ሆነው?" አለች አቡኪዋ።

"ምኑ?"

"አብደሻል እንዴ ካልከኝ።"

ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ወደ እሷ አዞረ።

"ትልቁ ልጄ ትምህርቱን የተወው ያን ዓመት ነው" አለች። ድምጿን አላነሳችም። "የምከፍልለት አጣሁ። ኃላፊ ብሆን ኖሮ ይበቃኝ ነበር። አሁን ገበያ ውስጥ የሰው ጋሪ ይገፋል። እናትና ልጅ ሆነን ስንመርቅህ ነው የኖርነው፤ ታውቃለህ? እሱ ባይመክረን ኖሮ እያልን።"

"እኔም እኮ ተታልዬ ነው አንቺ ..."

"አንተ የተታለልከው በራስህ ደሞዝ ነው። በኔ ደሞዝ ላይ ማን ሊቅ አደረገህ?"

መልስ አልጠበቀችም። ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ባለዳቦ ቤቱ ለጥቂት ተስፋ አደረገ፤ ብዕሩን ገና አልጣለችማ። እሷ ግን የፊርማውን ወረቀት ገለበጠችና ባዶውን ጀርባ ለካሸሩ ገፋችለት። ብዕሩንም እጁ ላይ አስያዘችው።

"ስሜን ጻፍ። ጭማሪዬን እፈልጋለሁ" አለች። "ግብሩን እኔው እከፍላለሁ።"

አንድ የትሪ አጣቢ ተነስቶ ከኋላዋ ቆመ። ማሸጊያ ክፍል ያሉት ሴቶች ተከተሉ። ሾፌሮቹም መጡ። ጆንያው ላይ የቀረ ሰው እስኪጠፋ ሰልፉ መጋዘኑን ዞሮ በር ደረሰ። ባለዳቦ ቤቱ "ይሄ የዛሬ አጀንዳ አይደለም፤ እናየዋለን" አለ። ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ወደሱ አዙሮ፣ በለስላሳ ድምፅ፣ "ለአድማጮቻችን ምን ይላሉ? ሠራተኞችዎ ጭማሪ ያገኛሉ ወይስ አያገኙም?" አለው። ሰውየው ላቡን ጠረገ። ከዚህ በፊት ዝም ብሎ ነበር የተገላገለው፤ አሁን ግን ዝም ቢል ዝምታውም በሬዲዮ ሊሰማ ነው።

"ስሙ የተጻፈ ሁሉ ከዚህ ወር ጀምሮ ይጨመርለታል" አለ፣ ቃሉን እንደ ጥርስ እየነቀለ።

ረመጥ ከሁሉም ኋላ ተሰለፈ። ማንም ቦታ አልለቀቀለትም፣ ማንም አላናገረውም። ከፊቱ ያለው ልጅ፣ እሱ ራሱ ምድጃ ያስተማረው፣ ጀርባውን ሰጥቶት ነው የቆመው። ተራው ሲደርስ ካሸሩ ብዕሩን አንስቶ ወደ ባለዳቦ ቤቱ አየ።

"እሱ በወሩ መጨረሻ ይወጣል" አለ ባለዳቦ ቤቱ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎት። "ለሚወጣ ሰው ምን ጭማሪ አለ?"

ካሸሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ረመጥ ሚስቱን አሰበ፤ ጠዋት የሸሚዙን ኮሌታ ስታስተካክልለት። አፉን ከፈተ፤ ሳል ብቻ ወጣ።

"ጻፈው" አለች አቡኪዋ።

ጠረጴዛው አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆማ ቀርታ ነበር። ባለዳቦ ቤቱ "አንቺ ደግሞ!" አላት።

"ወሩ አላለቀም። ደሞዙም አልተከፈለም። እርስዎና እሱ ያላችሁ ሌላ ነው፤ እኔና እሱ ያለን ሌላ ነው። ጻፈው።"

ማይክሮፎኑ አሁንም ክፍት ነበር። ካሸሩ አንዴ ማይክሮፎኑን፣ አንዴ ጌታውን አየና ጻፈ።

ረመጥ "እግዜር ይስ ..." ሊል ጀመረ።

"አትመርቀኝ!" አለችው። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "ነገ ልጄን ይዤ ቤትህ እመጣለሁ። ለኔ የነገርከኝን ለሱ ንገረው። እንዲህ በማይክሮፎን አይደለም፤ ዓይን ዓይኑን እያየህ።"

"ኑ" አለ ረመጥ።